የእትዬ ብርሃኔን ሰው ለማየት ከካልጋሪ እስከ ኮዛኒ

ወደ ግሪክ የሄድኩት ባሕር ለማየት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ባሕሩ ስለሚጠይቀኝ ነው። የሄድኩበት ከተማ ኮዛኒ ይባላል። ባሕር የለውም። ተራራ፣ ብርድ፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫና ከሥራ የወጣ ሕዝብ አለው። ከሞላ ጎደል ካልጋሪ ነው፤ ቡናው ግን ይሻላል።

የላከኝ የቤተሰብ ጉባኤ ነው። ታላቅ እህታችን እትዬ ብርሃኔ ገና ልጃገረድ ሳለች ከአሠሪዎቿ ጋር አቴንስ ገባች፤ ከዚያ ወደ ኮዛኒ ተሻግራ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግና የሰው ሽማግሌ ስትጦር ኖረች። እኛን ወንድሞቿን በሱዳን በኩል አውጥታ ካናዳ ያደረሰችን እሷ ናት። ራሷ እዚያው ቀረች። ባለፈው ሰመር መጨረሻ ላይ ስልክ ደውላ፣ ስለ አየሩ ጠባይ ካወራች በኋላ፣ "አንድ ሰው ለትዳር ጠይቆኛል" አለች። ስልሳን አልፋለች። ሰውየው ግሪክ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከከሰል ማውጫው ጡረታ የወጣ።

ጋሼ መኮንን ካልጋሪ ሳቫና ሠፈር ያለው ቤቱ ጠራን። ከወንዶቹ ታላቅ ስለሆነ የቤተሰቡ ራስ እሱ ነው፤ ይህን የወሰነውም እሱ ነው። "ሰውየው ሳይታይ ምርቃት የለም" አለ። "ቢታይም በቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ምርቃት የለም።" ቀጥሎ ማን ይሂድ ተባለ። አንዱ ሺፍት አለው፤ አንዱ ቫኬሽኑን ጨርሷል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ሺፍት የሌለህ አንተ ነህ" አለኝ ጋሼ መኮንን።

እውነቱን ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ እኔም አብሬ ወድቄ ነበር። የምሠራው ለነዳጅ ኩባንያዎች የሚሄድ ቧንቧ የሚፈተሽበት ቦታ ነበር። መጀመሪያ ኦቨርታይም ቀረ፤ ቀጥሎ አርብ ቀረ፤ ቀጥሎ እኔ ቀረሁ። ዳውንታውን በቀን ፓርክ ማድረጊያ በቀላሉ የሚገኝበት ዘመን ነበር። ካልጋሪን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ይገባዋል።

ሰኞ

ባለቤቴ እየሩስ ከነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ወጥታ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ኤርፖርት አደረሰችኝ። ሻንጣዬን ስታወርድ "ሰው ልታይ ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ" ብላ አንድ ነጭ የካውቦይ ባርኔጣ ሰጠችኝ። ካልጋሪ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ የሚሸለመው ይህ ባርኔጣ ነው።

"ሻንጣ ውስጥ አይገባም" አልኳት።

"አድርገው።"

አደረግሁት። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ስቀይር የጀርመን ፖሊስ ፓስፖርቴን አየ፣ ባርኔጣውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፓስፖርቴን አየ። "ለሥራ ነው ለመዝናናት?" አለኝ። ለሽምግልና ነው ማለት ፈልጌ ቃሉን በእንግሊዝኛ አጣሁት። "ቤተሰብ" አልኩት። አሳለፈኝ።

ማክሰኞ

ተሰሎንቄ በቀትር ገባሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የማውቀው ስም መንገድ ዳር በሰሌዳ ተጽፎ፣ ከሥሩ የጎማ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸው ሰዎች ታክሲ ይነዳሉ፤ ይጨቃጨቃሉም።

ወደ ኮዛኒ የሚሄደው አውቶቡስ ከከተማው ዳር ካለ ትልቅ መናኸሪያ ነው የሚነሳው። አንድ የቆመ አውቶቡስ አገኘሁና ሾፌሩን "ኮዛኒ?" አልኩት።

"ኔ" አለኝ።

በእንግሊዝኛ "ኖ" እንደማለት መስሎኝ አመስግኜው ሄድኩ። ሌላውን ሾፌር ጠየቅሁ፤ የራሱን አውቶቡስ ትቶ ወደ መጀመሪያው አመለከተኝ። ተመልሼ "ኮዛኒ?" ስለው የመጀመሪያው ሾፌር ጮክ ብሎ "ኔ፣ ኔ!" አለኝ። እኔም ተቆጣ ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አውቶቡሱ ሄደ። በኋላ እንደተረዳሁት "ኔ" ማለት በግሪክኛ አዎ ማለት ነው። ሾፌሩ በትዕግሥት ሦስቴ አዎ ብሎኝ ነው የሄደው።

አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጥቁር የለበሰች ባልቴት አጠገቤ ተቀመጠች። ከከረጢቷ በሰሊጥ የተለበጠ ቀለበት የመሰለ ዳቦ አወጣች፤ ገምሳ ግማሹን እጄ ላይ አኖረች። ቲኬቴን ተቀብላ አየች። ቀጣዩ አውቶቡስ ሲመጣ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ፣ ወንበር አስያዘችኝ፣ ለሾፌሩም ስለ እኔ ረዘም ያለ ንግግር አደረገች። እሷ ራሷ ሌላ አገር ነበር የምትሄደው። በካልጋሪ ትሬን ስንት ዓመት ስመላለስ ዳቦ ገምሶ የሰጠኝ የለም፤ ወንበር የለቀቀልኝ አለ፤ ለዚያም ይቅርታ ጠየቀኝ።

መንገዱ ተራራ እየበሳ የሚሄድ ትልቅ አውራ ጎዳና ነው። ከካልጋሪ ወደ ባንፍ ተራሮች የሚወስደውን ይመስላል፤ ልዩነቱ የኛ ተራራውን ዞሮ ያያል፣ የነሱ ገብቶበት ይወጣል። ዋሻው ሲያልቅ ሜዳ መጣ። ከሜዳው ጫፍ የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። አንዱ ይጨሳል፤ ሌሎቹ ዝም ብለዋል። ዝም ያለ ማሽን ሳይ የት እንደደረስኩ ገባኝ።

እትዬ ብርሃኔ መናኸሪያው ላይ ቆማ ነበር። አጥራለች። ወይም እኔ በትዝታዬ አርዝሜያት ይሆናል። በቀኝ እግሯ ትንሽ ታነክሳለች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ባርኔጣውን አየች።

"ሥራ አገኘህ እንዴ?" አለችኝ። "ከብት ጥበቃ?"

ረቡዕ

ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። ሊፍቱ የሚሠራው ሲፈልግ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ከኃይል ማመንጫው በቧንቧ የሚመጣ ፍል ውኃ ነው ስትለኝ፣ ቁልቁል ወርጄ መግቢያውን አየሁ። ጥሩ ብየዳ ነበር። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ቧንቧ ነክቼ አላውቅም፤ ትንሽ ቆየሁበት።

ጎረቤቶቿ ብርሃኔ ማለት ከብዷቸው ትርጉሙን ጠየቋት፤ ብርሃን ነው ስትላቸው በነሱ ቋንቋ "ፎቲኒ" አሏት። እና እህቴ እዚያ አገር በትርጉም ነው የምትኖረው።

ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ስማቸው ቫሲሊስ። ጎረቤት መሆናቸውን ጋሼ መኮንን አያውቅም፤ እኔም በደረጃው ላይ ነው ያወቅሁት። ትከሻቸው ሰፊ፣ ጢማቸው ነጭ፣ ሲናገሩ ከደረታቸው ሲር የሚል ድምፅ የሚወጣ ሰው ናቸው። የከሰል አቧራ ነው። ባርኔጣውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አደረጉት፤ ልክ ሆነ። ለምሳ ስንቀመጥም አላወለቁትም።

እትዬ ረቡዕ እንደምንጾም ነግራቸው ኖሮ፣ የጾም ምግብ ሠርተው ጠበቁኝ። ሳህኑ መጣ። ክንዶቹ የተጠቀለሉ፣ በየክንዱ ላይ ክብ ክብ ነገር የተደረደረበት ፍጥረት ነበር።

"ምንድን ነው?" አልኳት በአማርኛ፣ ፈገግታዬን ሳልፈታ።

"ኦክቶፐስ። ደም የለውም ብለው በጾም ይበሉታል። ባሕር ስለሌለን ገበያ ለገበያ ሲፈልገው ነው የሰነበተው።"

"አንቺ ትበያለሽ?"

"እኔ ዳቦና ወይራ እበላለሁ። አንተ ግን እንግዳ ነህ" አለችና ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች።

አንዱን ክንድ በሹካ ወጋሁት፤ ከቦታ ቦታ አዛወርኩት፤ በዳቦ ሸፈንኩት። ሰውየው አዩኝ። ተነሥተው ኩሽና ገቡና የሽንኩርት ሽታ መጣ። ብዙ ቆይተው ምስር በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ፤ በርበሬ የሌለው፣ ወይራ ዘይት የበዛበት። ፊቴ አኑረው ኦክቶፐሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። እንዳላፍር ሁለቱንም ሳህን ጨረሱ።

ለጋሼ መኮንን ቴክስት አደረግሁለት፦ "ምግብ ይሠራል።"

መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ቤተ ክርስቲያኑስ?"

ሐሙስ

ከተማውን ያሳየችኝ የሰውየው ልጅ ኤሌኒ ናት። የሠላሳ ዓመት ሴት፣ መሐንዲስ፣ ሥራ የሌላት፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ የሚሻል። አደባባዩ ላይ የሰዓት ማማ አለ፤ ዙሪያውን ቡና ቤት ነው። ሁሉም ሞልቷል። ቀኑ የሥራ ቀን ነው።

"እነዚህ ሁሉ ምን ይሠራሉ?" አልኳት።

"ይጠጣሉ።"

አንድ ሲኒ ይዘው ከጠዋት እስከ ምሳ ይቀመጣሉ። ይጮሃሉ፤ መንግሥት ያወርዳሉ፤ አንዱ ተነሥቶ ሲሄድ ሌላው የሱን ክርክር ይቀጥልለታል። እኔ ካልጋሪ ሌይኦፍ በተደረግሁ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ምሳዬን ቋጥሬ፣ ሥራ እንዳለው ሰው ዳውንታውን ወርጄ፣ በፎቅና ፎቅ መካከል ባለው የመስታወት ድልድይ ስዞር እውል ነበር። እዚያ ስዞር የቀድሞ ፎርማኔን አገኘሁት። እሱም ምሳውን ይዟል። ሁለታችንም ሚቲንግ አለብን ተባብለን ተለያየን። ኮዛኒ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ተቀምጠን ኩባንያውን እንሰድበው ነበር።

ኤሌኒ ሲኒዋን አኖረች። "የመጣኸው አባቴን ልታይ ነው አይደል?"

"ነው።"

"እኔም አንተን እንዳይ ተነግሮኛል። አያቴ ናት ያዘዘችኝ።" ወደ እኔ ዞረች። "ልጠይቅህ። በገና ጀርመን እሄዳለሁ። እንጀራ እዚያ ነው። አባቴ ደረቱ ታሟል። እናንተ የምታስቡት... ፎቲኒን ያለ ደመወዝ አስታማሚ ልናደርጋት ነው ብላችሁ ነው?"

አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ከካልጋሪ ስነሳ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ያለው ይኸው ነበር። "እህቴን እጠይቃታለሁ" አልኳት።

ማታ እራት ላይ ጠየቅኋት። ሳላስጌጥ ነው ያወጣሁት፦ "እትዬ፣ ይኸ ሰው የሚፈልገው ሚስት ነው ወይስ አስታማሚ?"

እሷ አልተቆጣችም። ቀኝ እግሯን ዘርግታ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ከቁርጭምጭሚቷ ሽቅብ ረጅም ጠባሳ አለ።

"ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ወደቅሁ" አለች። "እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የምጦራቸው ሰዎች ሌላ ሠራተኛ ቀጠሩ። አልፈርድባቸውም፤ ሽማግሌያቸው ማን ይይዝላቸዋል? እዚህ አልጋ ላይ ቀረሁ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ቫሲሊስ ሲር እያለ በየቀኑ ድስት ይዞ ይወጣ ነበር። ደረጃው ላይ አርፎ ሲያስል እሰማዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ገላ አጥቤያለሁ። የእኔን እግር ያጠበልኝ ሰው እሱ ነው።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ምን ታደርጉ ነበር?" አለች፣ ምንም ወቀሳ በሌለው ድምፅ። "ሺፍት አላችሁ።"

ሳህኔን አነሣሁና ላጥበው ሄድኩ። አጠብኩት፤ እንደገና አጠብኩት። ከኋላዬ ሆና ቀጠለች። ቤተ ክርስቲያን እንደጠየቁ፣ ቄሱ ደግ ሰው እንደሆነ፣ ግን ተዋሕዶ ስለሆነች "ሜሮን እንደገና ተቀቢና ወደኛ ግቢ" እንዳላት፣ እሷም "አንዴ ተጠምቄያለሁ፤ እናቴ ያስነሳችኝን ክርስትና ውሸት ነበር አልልም" ብላ እንደወጣች ነገረችኝ። ቫሲሊስም "እንግዲያው ማዘጋጃ ቤት" አሉ።

"መቼ ነው?"

"ቅዳሜ።"

"የትኛው ቅዳሜ?"

"የፊታችን ቅዳሜ" አለች። "ትኬትህን ከነገርከኝ በኋላ ነው ያስያዝነው። ከወገኔ አንድ ሰው ሳይቆም እንደ ኮብላይ አላገባም።"

እንግዲህ ለማየት የተላክሁት ሰው፣ ለካ ምስክር ነበርኩ።

አርብ

የቫሲሊስ እናት የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ነው፤ ያያ ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። ዘጠና አልፏቸዋል። የሳፍሮን ማሳ አላቸው። ሳፍሮን ማለት ከሐምራዊ አበባ መሐል የሚለቀም፣ ወጥ ቢጫ የሚያደርግ ቀይ ክር ነው። አበባው መሬት ለመሬት ነው የሚበቅለው፤ ለቃሚው ጎንበስ እንዳለ መዋል አለበት። እንግዳ አይባልም፤ ቅርጫት ተሰጠኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ስሠራ እኩያዎቼ የሆኑ ሴቶች አለፉኝ፤ ቀጥሎ እኩያዎቼ ያልሆኑ አለፉኝ፤ በመጨረሻ ያያ በከዘራ አለፉኝ። ቫሲሊስ በነጩ ባርኔጣ ሆነው ማሳው መሐል ቆመዋል። ከሩቅ ካልጋሪ በሐምሌ የሚደረገውን የካውቦይ ፌስቲቫል ይመስሉ ነበር።

ምሳ ባቄላ መሰል ነጭ ቦሎቄ በሾርባ፣ ወይራና ዳቦ ነበር። አርብ ቢሆንም ማንም ኦክቶፐስ አላነሳም። እትዬ ብርሃኔ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች። ያኔ ያያ ዳቧቸውን አኑረው አንድ ነገር ተናገሩ። ኤሌኒ ተረጎመችልኝ።

"አያቴ የምትለው፣ የፎቲኒ ወገኖች ልጄን ይቀበሉታል ወይ ነው።"

ጋሼ መኮንን ገና አልፈቀደም። ላስብበት ይገባኝ ነበር። ግን አላሰብኩም፤ በደረጃው ላይ የሚያስለው ሰው ነበር የታየኝ። እንደ አገራችን ልማድ፣ እንዴታ ለማለት፣ ቅንድቤን ሽቅብ አድርጌ፣ ራሴን ትንሽ ወደ ኋላ ነቅንቄ፣ ትንፋሼን "እህ" ብዬ ወደ ውስጥ ሳብኩ።

የኤሌኒ ፊት ቀላ። ያያ በደረታቸው አማተቡ። ቫሲሊስ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ባርኔጣውን አወለቁ፤ ሳህኔ አጠገብ በክብር አኑረውት ወጡ።

እትዬ እጇን እያደረቀች ገባች። ሁሉንም በተራ አየቻቸውና ወደ እኔ ዞረች። "ምን አደረግህ?"

"ይቀበሉታል ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።"

"በአፍህ?"

"በቅንድቤ።"

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "አንተ ልጅ! እዚህ አገር ቅንድብ ከተነሳ አይሆንም ማለት ነው! ትንፋሽህንም ስበሃል?"

"ስቤያለሁ።"

"በጭራሽ፣ ይሰቀጥጠኛል ብለሃል።"

ባርኔጣውን ይዤ ሮጥኩ። ቫሲሊስ ማሳውን አቋርጠው ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነበር። ቋንቋ የለኝም፤ ያለኝ ከተሰሎንቄ መናኸሪያ በውድ የተማርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። "ኔ!" አልኩ እየሮጥኩ። "ኔ! ኔ! ቫሲሊስ፣ ኔ!" ከኋላዬ ያያ እየጮኹ ነው። ደስታ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስጠይቅ አበባውን ረገጥከው ማለታቸው ነው።

ሰውየው ቆሙ። ደረስኩባቸው። ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮናል፤ እኔ ከሩጫ፣ እሳቸው ከከሰሉ። ባርኔጣውን ጭንቅላታቸው ላይ መለስኩና "ኔ" አልኳቸው ቀስ ብዬ። በሁለት መዳፋቸው ፊቴን ያዙ። መዳፋቸው ከሳፍሮኑ ቢጫ ነበር። እስከ ማታ ጉንጬ ቢጫ ሆኖ ዋለ።

ስንመለስ ያያ ወንበር አስቀረቡልኝና በኤሌኒ አንደበት አጫወቱኝ። እናታቸው እሳቸውን በጀርባዋ አዝላ ከባሕር ማዶ፣ ከቱርክ በኩል ተሰዳ የመጣች ሴት ነበረች። ግሪክኛዋ ሌላ ዓይነት ስለሆነ፣ የመንደሩ ሰው "የቱርክ ዘር" እያለ ለልጆቿ ሚስት ይነፍግ ነበር። "ስለዚህ" አሉ ያያ፣ "እኔ ቄሱ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም። ያንተ ወገኖች ምን እንዳሉ ነው የጠየቅሁት። ሰው የሚያመው የወገን ነው።"

ወደ ከተማ ስንመለስ ካልጋሪ ጠዋት ነበር። ጋሼ መኮንን ጋር ደወልኩና ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ማዘጋጃ ቤት ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

"አይሆንም። ለኛ ቤት ማዘጋጃ ቤት ሠርግ አይደለም። ፈቃዴ አይደለም በላት።"

እትዬ ከእጄ ስልኩን ወሰደች። "መኮንን" አለች። ጋሼ የሚለውን ማዕረግ እሷ ብቻ ናት የምትዘለው። "አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ቂጥህን የጠረግሁልህም እኔ። ፈቃድ አልጠየቅሁህም፤ ደስ እንዲልህ ነው የነገርኩህ። ደስ ካላለህ ደግሞ ደህና ዋል።"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የጋሼ መኮንን ድምፅ በስፒከሩ ተሰማ፤ እንደ ቤተሰብ ራስ ሳይሆን እንደ አንድ የታዘለ ልጅ። "እግርሽን ምን ሆንሽ?" አለ። እኔ ስለ እግሯ ነግሬው ነበር፤ የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።

"ድኗል" አለችውና ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ

ሠርጉ አጭር ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ዘግይቶ መጣ። እኔ በእህቴ በኩል ቆምኩ፤ በቫሲሊስ በኩል ኤሌኒ። ሹሙ ከወረቀት አነበበ፤ ለእኔ አንድ አስተርጓሚ አቁመውልኝ ነበር፤ እሱም ከጠቅላላው ንግግር "ሕጉ ነው" ብሎ ብቻ ተረጎመልኝ። እትዬ ብርሃኔ ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች። "ትፈልጊያለሽ?" ሲሏት "ኔ" አለች። ቫሲሊስን ሲጠይቁት ድምፁ አልወጣ አለው። ሳለ፤ ውኃ አመጡለት፤ ጠጣ፤ እንደገና ሞከረ። እንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ "ኔ" አለ። ከውጭ ጎረቤቶች ሩዝ በተኑብን፤ በስኳር የተለበጠ ለውዝ ሰጡን። አንዱ ጥርሴን ሰብሮ ሊጥለው ነበር።

አንባቢ አስተውሎ እንደሆነ፣ ሰውየውን አንቱ ማለት ትቻለሁ። ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ናት የከለከለችኝ። "አንቱታውን ተው" አለች። "ባሌን ሽማግሌ አታድርግብኝ።"

እሑድ

ዘነበ። በላን። ተኛን። ተነሥተን በላን።

ሰኞ

መናኸሪያ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። ቫሲሊስ ሾፌሩን ይዞ ስለ እኔ ብዙ ነገረው፤ ሾፌሩ እስከ ተሰሎንቄ በመስታወቱ ሲያየኝ ነበር። ፍራንክፈርት ላይ ማንም አላስቆመኝም።

ካልጋሪ ስደርስ በረዶ ጥሏል። እየሩስ ሺፍት ላይ ስለነበረች የተቀበለኝ ጋሼ መኮንን ነው። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ደህና መግባቴን ጠየቀ፤ ስለ መንገዱ በረዶ ትንሽ አወራ። ሜቲስ ትሬል የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ሬዲዮውን ዘጋው።

"አለቀሰች?"

"እሷ አላለቀሰችም" አልኩት። "እሱ ነው ያለቀሰው።"

ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ፋልከንሪጅ የሚታጠፈውን መንገድ አለፈው። አለፍከው አላልኩትም። በቀጣዩ መብራት ላይ ቆምን። ቀይ ነበር፤ ከፊታችንም ከኋላችንም መኪና የለም።

"ፋሲካቸው መቼ ነው?" አለኝ።

"ከኛ ጋር በአንድ ቀን።"

"አንድ ቀን?"

"አንድ ቀን ነው፣ ጋሼ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ቫኬሽን አሁኑኑ ማስያዝ አለብኝ" አለ። "ለፋሲካ ሁሉም ነው የሚጠይቀው።"